ላይሰንስ፦ ፈቃድ ነው ወይስ ሸቀጥ?

በመርካቶም ሆነ በሌላ የገበያ ሥፍራ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ወፍጮ ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ደላላው ለገዢው ከሚቆጥራቸው ነገሮች አንዷ «ከነፈቃዱ ነው» የምትለው ቃል ናት። መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ የተረፈው ዕቃና የለመደው ደንበኛ ከተቆጠረ በኋላ ይህች ቃል ትጨመራለች፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ገዢው ስለ ሚዛኑ ትክክለኛነት የሚጠይቀውን ያህል ስለ ፈቃዱ የሚጠይቅበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ፈቃዱ በመስተዋት ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏልና ከሱቁ ዕቃዎች እንደ አንዱ ይታያል።

ለመሆኑ በዚህ ጊዜ የሚሸጠው ነገር ምንድን ነው? ፈቃድ የሚሸጥ ነገር ነውን? የሚሸጥ ካልሆነስ ገበያው ዋጋ የሚያወጣለት ለምንድን ነው?

ጥያቄው የሀገራችን ብቻ አይደለም። አስመጪውም፣ ባንከሩም፣ የመኪና ነጋዴውም በየዕለቱ የሚጠራት «ላይሰንስ» የተሰኘችው የእንግሊዝኛ ቃል ከጥንት ጀምራ ሁለት ትርጉም ተሸክማ የመጣች ናት። በአንድ በኩል ላይሰንስ ከባለሥልጣን የሚሰጥ፣ በስም የተጻፈና ለሌላ የማይተላለፍ ፈቃድ ነው። በሌላ በኩል ሲያጥር ዋጋ የሚያወጣ፣ ሲበዛ ዋጋ የሚያጣ ሸቀጥ ነው። የእነዚህ ሁለት ትርጉሞች ግጭት በየሀገሩ ብዙ ነጋዴዎችን አክብሯል፤ ብዙዎችንም አክስሯል።

ከሮማ ጨረታ እስከ እንግሊዝ መሸታ ቤት

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ሊኬት» ማለት በላቲን «ይፈቀዳል» ማለት ሲሆን፣ ከእርሱ የወጣው «ሊኬንቲያ» ነጻነትን ወይም ፈቃድን ያመለክታል። ለገበያ ሰው ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሌላው ወገን ነው። በዚያው በላቲን «ሊኬዎ» ማለት «ለሽያጭ መቅረብ፣ ዋጋ ማውጣት» ሲሆን፣ «ሊኬዎር» ደግሞ «በጨረታ ላይ ዋጋ ማቅረብ» ማለት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እነዚህን ቃላት ከአንድ ሥር የተገኙ አድርገው ያይዋቸዋል። እንግዲህ ፈቃድና ዋጋ ገና ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በአንድ ጎጆ ያደሩ ናቸው ማለት ነው።

ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚሻ ምሁር የማስተማር ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፤ ዛሬም በአንዳንድ ሀገሮች «ሊሳንስ» ወይም «ሊሰንሺየት» እየተባለ የሚሰጠው የትምህርት ማዕረግ የዚያ ቅሬታ ነው። የእንግሊዝ ባላባትም ቤቱን እንደ ምሽግ በግንብ ለማጠር የንጉሡን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር።

ለነጋዴው የቀረበው ታሪክ የሚጀምረው ከመሸታ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1552 የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ፣ የሀገሬውን ቢራ ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው በአካባቢው የሰላም ዳኞች እንዲፈቀድለትና ሥርዓት እንደሚያስከብር ዋስትና እንዲያስይዝ ተደነገገ። እዚህ ላይ ፈቃዱ ሥራውን ብቻ ሳይሆን የሠሪውንም ጠባይ የሚመለከት ነበር፤ ዳኞቹ የሚመዝኑት ሰውየውን ነው። ዛሬም በብሪታንያ መጠጥ ሽጦ በቤቱ ውስጥ የማያስጠጣው ሱቅ «ኦፍ ላይሰንስ» ይባላል። ስሙ ከዚሁ የመጠጥ ፈቃድ የመጣ ነው።

ቃሉ ሌላም ጠባይ አለው። በእንግሊዝኛ ላይሰንስ ማለት ሥርዓት የሚያስይዝ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ሥርዓት የለቀቀ ነጻነትም ማለት ነው። «ላይሰንሸስ» የተባለው ቅጽል ልቅና ስድ የሆነ ሰውን ይገልጻል። ገጣሚ የሰዋስውን ሕግ ሲጥስም «የገጣሚ ላይሰንስ ነው» ተብሎ ይታለፍለታል። አንዱ ቃል ልጓሙንም ልጓም መፍታቱንም ይጠራል ማለት ነው። አጻጻፉም ቢሆን አንድ አይደለም፤ እንግሊዞች ስሙን በ«ሲ»፣ ግሡን በ«ኤስ» ሲጽፉ አሜሪካኖች ሁለቱንም በ«ኤስ» ይጽፋሉ። የውጭ ውል የሚያነብ አስመጪ ሁለቱን አይቶ የተለያየ ነገር ናቸው ብሎ መጠራጠር አይኖርበትም።

ንግሥቲቱ ለባለሟል የሰጠችው የካርታ ንግድ

የፈቃድ ሸቀጥነት ጎልቶ የታየው በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን ነው። ንግሥቲቱ በደብዳቤዋ አንድን ዕቃ የመሥራት ወይም የማስገባት ብቸኛ መብት ለባለሟሎቿ ትሰጥ ነበር። ግምጃ ቤቱ ባዶ ሲሆን ውለታ የሚከፈለው እንዲህ ባለው ወረቀት ነበርና። ወረቀቱን የያዘ ሰው ዕቃውን ራሱ መሥራት አይጠበቅበትም፤ ከሚሠሩት ላይ ክፍያ ቢቀበል ይበቃዋል። ዋጋው የሚወጣው ከሸማቹ ኪስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1601 ፓርላማው በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቆ አማረረ፤ ንግሥቲቱም አንዳንዶቹን ለመሻር ቃል ገባች። በዘመኗ ማብቂያ ላይም ዳርሲ የተባለ የቤተ መንግሥት ሰው በመጫወቻ ካርታ ላይ የተሰጠው ብቸኛ መብት ፍርድ ቤት ቀርቦ ውድቅ ሆነ። በመጨረሻም በ1624 የወጣው የሞኖፖል ሕግ እንዲህ ያሉትን መብቶች በጥቅሉ ሽሮ፣ ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጠውን ለ14 ዓመት የሚቆይ መብት ግን አስቀረ። የዛሬው የፓተንት ሕግ ከዚያ ሥር የበቀለ ነው።

ማተሚያ ቤቶችም ከፈቃድ ሥርዓት አላመለጡም። በ1643 የእንግሊዝ ፓርላማ ማንኛውም መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ፈቃድ እንዲያገኝ አዘዘ። ባለቅኔው ጆን ሚልተን በ1644 ያሳተመው «አሪዮፓጂቲካ» የተሰኘ ጽሑፍ ይህንኑ ትእዛዝ የሚቃወም ነበር። በ1662 እንደ ገና በሕግ የጸናው የኅትመት ፈቃድ በ1695 ሳይታደስ ቀርቶ አበቃ። አንድ የፈቃድ ሥርዓት የሚሞተው ሁልጊዜ በአዋጅ ተሽሮ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ አንዳንዴ ሳይታደስ ይቀራል።

የለንደኑ የወይን ጠጅ ክርክር

ላይሰንስ ማለት በሕግ ዓይን ምን እንደሆነ ከሁሉ አጥርቶ ያስቀመጠው ክርክር እ.ኤ.አ. በ1673 የተወሰነው የቶማስና የሶሬል ጉዳይ ነው። ክርክሩ የተነሣው በንግድ ምክንያት ነው፤ ሶሬል የሚባለው ሰው ያለ ፈቃድ የወይን ጠጅ በችርቻሮ ሽጧል ተብሎ ተከሰሰ። መከላከያው ደግሞ የለንደን ወይን ጠጅ ነጋዴዎች ማኅበር ከንጉሡ ያገኘው ልዩ ፈቃድ ነበር።

ዋና ዳኛው ቮን በዚህ ጊዜ የሰጡት ትንታኔ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ሕግ ተማሪዎች ዘንድ ይጠናል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ላይሰንስ ምንም ንብረት አያስተላልፍም፤ በማንም ሀብት ላይ መብት አይፈጥርም። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለ እርሱ ሕገ ወጥ ይሆን የነበረውን ድርጊት ሕጋዊ ማድረግ።

ይህ አባባል ቀላል ይመስላል፤ ለገበያ ሰው ግን ክብደት አለው። ላይሰንስ ያለው ሰው የያዘው ነገር ቢኖር «አትከሰስም» የሚል ቃል ነው። ቃሉን የሰጠው አካል ደግሞ በሕጉ መሠረት ሊያነሣው፣ ሊያግደው ወይም ሳያድስ ሊተወው ይችላል። ቤት ቢገዛ ቤቱ አለ፤ ወርቅ ቢገዛ ወርቁ አለ። ላይሰንስ ግን ከሰጪው ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ ወረቀት ብቻ ይሆናል።

በኩባንያና በኩባንያ መካከል የሚደረገው የላይሰንስ ውልም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። የብሪታንያው አርም ኩባንያ የሞባይል ስልኮችን ፕሮሰሰር ንድፍ እያወጣ ለሌሎች አምራቾች በላይሰንስ በመስጠትና ሮያሊቲ በመሰብሰብ ከብሯል። ንድፉን አልሸጠውም፤ እንዲሠሩበት ፈቀደ እንጂ። በተመሳሳይ መንገድ የውጭ ኩባንያ የንግድ ምልክት ለጥፎ የሚያመርት ሰው ምልክቱን አልገዛም፤ እንዲለጥፍ ተፈቅዶለታል።

ሊብሬ የመኪናው፣ መንጃ ፈቃድ የሰውየው

ልዩነቱን የሀገራችን የመኪና ገበያ በአጭሩ ያስረዳል። መኪና ሲሸጥ ሊብሬው ስሙ ተዛውሮ ከመኪናው ጋር ይሄዳል፤ የሻጩ መንጃ ፈቃድ ግን ከሻጩ ኪስ አይወጣም። «ከነመንጃ ፈቃዴ እሸጥልሃለሁ» የሚል ሰው ቢኖር ያስቃል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1904 ጀምሮ አሽከርካሪዎች መንጃ ፈቃድ እንዲይዙ ሲታዘዝ በ5 ሽልንግ ያለ ፈተና ይሰጥ ነበር፤ የግዴታ ፈተና የመጣው በ1935 ነው። ይህም ሆኖ ፈቃዱ ከመጀመሪያው በሰው ስም የተጻፈ ነበር።

የንግድ ፈቃድም በሕጋችን የቆመው ከመንጃ ፈቃዱ ጎን ነው። በ2008 ዓ.ም የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ፈቃዱን ያገኘው ሰው ሌላ ሰው እንዲገለገልበት አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። የንግዱ ባለቤት ሲለወጥ አዲሱ ባለቤት በራሱ ስም ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። ለአንዳንድ የሥራ ዘርፎችም ከንግድ ፈቃዱ በፊት የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ማረጋገጫው ደግሞ የቦታውን፣ የመሣሪያውንና የባለሙያውን ሁኔታ የሚመለከት ነው።

ታዲያ በሕግ የሚሸጠው ምንድን ነው? መልሱ «የንግድ መደብር» ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ መደብርን ግዙፍነት የሌለው ተንቀሳቃሽ ሀብት አድርጎ ያየው ሲሆን፣ ዋና አካሉም ደንበኞችን የሚያመጣው መልካም ዝና ነበር። ከዚህ ጋር የንግድ ስሙ፣ የኪራይ መብቱ፣ ፓተንቱና ሌሎችም ይቆጠራሉ። ሕጉ አንድ ጥንቃቄ የተሞላበት ሐረግም ነበረው፤ የሚተላለፉት ልዩ መብቶች ከመደብሩ ጋር የተያያዙት እንጂ ከነጋዴው ጋር የተያያዙት አልነበሩም። በ2013 ዓ.ም አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢወጣም ይህ ልዩነት ለገዢው ዛሬም ጥሩ መመዘኛ ነው። «ይህ መብት የሱቁ ነው ወይስ የሰውየው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ሲያጥር ዋጋ ያወጣል

እስካሁን የታየው የሕጉ ወገን ነው። የገበያው ወገን ሌላ ነገር ይናገራል። ማንም መሥፈርቱን አሟልቶ ሊያገኘው የሚችል ፈቃድ ዋጋው ከማውጫው ወጪና ድካም አይበልጥም። ቁጥሩ ሲወሰን ግን ሕጉ «አይሸጥም» ቢልም ገበያው ዋጋ ያወጣለታል።

የዓለም ንግድ ድርጅት የአስመጪነት ፈቃድ ስምምነት ይህንኑ ልዩነት ተገንዝቦ ፈቃዶችን በሁለት ይከፍላቸዋል። «አውቶማቲክ» የሚባለው መሥፈርቱን ላሟላ ሁሉ የሚሰጥ ሲሆን፣ የተሟላ ማመልከቻ በቀረበ ቢበዛ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። «አውቶማቲክ ያልሆነው» ደግሞ ኮታን ወይም ገደብን ለማስፈጸም የሚሰጠው ነው። የመጀመሪያው መዝጋቢ፣ ሁለተኛው በረኛ ነው ማለት ይቻላል።

በረኛው ሲበዛ ምን እንደሚመጣ ለማየት ሕንድ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የኢንዱስትሪ ልማትና ቁጥጥር ሕግ ፋብሪካ ለማቋቋምም ሆነ ለማስፋፋት የመንግሥትን ላይሰንስ የግድ አደረገ። ዓላማው ውስን የሆነውን ካፒታል ወደ ተፈለገው መስክ ለመምራት ነበር። እያደር ግን ፋብሪካ ያለው ሰው ከተፎካካሪ የሚጠብቀው አጥር ሆነ፤ ላይሰንስ ለማግኘት ዴልሂ መመላለስ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ተገኘ። አንጋፋው ፖለቲከኛ ራጃጎፓላቻሪ ይህን ሥርዓት «የላይሰንስ፣ የፐርሚትና የኮታ ራጅ» ብለው ሰየሙት። «ራጅ» አገዛዝ ማለት ሲሆን እንግሊዞች ሕንድን የገዙበት ዘመን መጠሪያ ነበርና፣ ሽሙጡ ለሕንዶች ግልጽ ነበር። ሥርዓቱ በአብዛኛው የፈረሰው በሐምሌ 1991 ነው፤ በዚያ ጊዜ የኢንዱስትሪ ላይሰንስ ከ18 መስኮች በስተቀር ለሌሎቹ ሁሉ ቀረ።

የዚህን ኪሣራ መጠን ለማስላት ከሞከሩት አንዷ አሜሪካዊቷ የኢኮኖሚክስ ምሁር አን ክሩገር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት፣ በሕንድ በ1964 በልዩ ልዩ ፈቃዶችና ገደቦች ሳቢያ የተፈጠረው «ኪራይ» የሀገሪቱን ብሔራዊ ገቢ 7.3 በመቶ ያህል እንደነበር ገምተዋል። በቱርክ ደግሞ በ1968 የአስመጪነት ላይሰንስ ብቻ ያስገኘው ኪራይ ከጠቅላላ ብሔራዊ ምርቱ 15 በመቶ ገደማ ነበር። በሀገራችን ፖለቲካ ለዓመታት ሲደጋገም የቆየው «ኪራይ ሰብሳቢነት» የተባለው ቃል መነሻውን የሚስበው ከእኚሁ ምሁር ጥናት ርዕስ ነው።

የክሩገር ትምህርት ጉቦን በማውገዝ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ማንም ሰው ጉቦ ባይሰጥ እንኳ ሀብት ይባክናል። ላይሰንሱ በፋብሪካ አቅም ልክ የሚከፋፈል ከሆነ፣ ባለፋብሪካው ነባሩ ማሽን ሥራ ፈትቶ ሳለ ሌላ ማሽን ይተክላል፤ የሚፈልገው ማሽኑን ሳይሆን ማሽኑ የሚያስገኘውን ተጨማሪ ፈቃድ ነውና። ቆሞ የሚውል ማሽን የፈቃድ ዋጋ ሆኖ ይቆጠራል።

የኒው ዮርክ ታክሲ ሰሌዳ

ፈቃድን እንደ ንብረት ገዝቶ የከሰረ ሰው ማየት የሚፈልግ ወደ ኒው ዮርክ ይመልከት። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣችው ሕግ የታክሲዎችን ቁጥር ወሰነች። እያንዳንዱ ታክሲ ሞተር ክዳኑ ላይ «ሜዳልዮን» የምትባል ትንሽ የቆርቆሮ ሰሌዳ እንዲለጥፍ ተደረገ፤ ክፍያዋ 10 ዶላር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሰሌዳዎቹ ቁጥር ለ50 ዓመት ገደማ ከ11,787 ፈቀቅ አላለም። ከተማዋ ግን በሰውም በሀብትም አደገች።

እዚህ ሜዳልዮኑ መሸጥ መለወጥ ይቻል ስለነበር ልዩነቱ ሁሉ በዋጋው ላይ ታየ። በ2014 አካባቢ የአንዷ ሰሌዳ ዋጋ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ባንኮች በእርሷ መያዣነት አበደሩ፤ ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ ሹፌሮች የሆኑ ገዢዎችም የዕድሜ ልክ ዕዳ ተሸክመው ገዟት። «ዋጋዋ ወርዶ አያውቅም» የሚለው የደላሎች ቃል ለብዙ ዓመታት እውነት ነበርና ማንም አልተጠራጠረም።

የዋጋው ምሰሶ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሌላ ሰው ያለ ሰሌዳ ተሳፋሪ በመንገድ እንዳያነሣ መከልከሉ ነው። በ2011 ኡበር በስልክ የሚጠሩ መኪኖችን ይዞ ከተማዋ ሲገባ ክልከላው አልተነሣም፤ ነገር ግን ትርጉም አጣ። በ2018 የሰሌዳዋ ዋጋ ከ200 ሺህ ዶላር በታች ወረደ። የሹፌሮቹ ዕዳ ግን አብሮ አልወረደም። ከተማዋ በ2021 ከአበዳሪዎች ጋር ተስማምታ የብዙዎቹ ዕዳ እንዲቀነስ እስኪደረግ ድረስ ትዳር ፈርሷል፤ ራሳቸውን ያጠፉ ሹፌሮችም ነበሩ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩባት ዋሺንግተን ዲሲ ከዚህ ሥርዓት ውጪ ሆና ቆይታለች። በ2011 ተመሳሳይ የሜዳልዮን ረቂቅ ሲቀርብ በርካታ ሹፌሮች ተቃውመውታል፤ ረቂቁም ሕግ ሳይሆን ቀርቷል።

መንግሥት ራሱ ሻጭ ሲሆን

ፈቃድ ውስን መሆኑ ግድ ከሆነ ዋጋው ለማን ይግባ? ይህን ጥያቄ በግልጽ ካነሡት አንዱ በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ሮናልድ ኮዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጽሑፍ የሬዲዮ ሞገድ በባለሥልጣን ምርጫ ከሚታደል ይልቅ ለገበያ ይቅረብ የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። ሐሳቡ በወቅቱ እንደ ቀልድ የታየ ቢሆንም አሜሪካ በ1994 የሞገድ ፈቃድ ጨረታ ጀመረች። ብሪታንያ በ2000 አምስት የሦስተኛ ትውልድ ሞባይል ላይሰንሶችን አጫርታ 22.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ሰበሰበች፤ በዚያው ዓመት ጀርመን ያገኘችው 50 ቢሊዮን ዩሮ አካባቢ ነበር። ከፋይ ኩባንያዎቹ አንዳንዶቹ ለዓመታት በዕዳ ተጨንቀዋል። የላቲኑ ሥር ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው፤ ፈቃድና ጨረታ እንደ ገና አንድ ሆኑ።

ኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም በዚህ መንገድ አልፋለች። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ሁለተኛውን የቴሌኮም ፈቃድ ያገኘው 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነው፤ አገልግሎቱንም በመስከረም 2015 ዓ.ም በይፋ ጀመረ። ይህን ያህል ገንዘብ የተከፈለው ለምሰሶ ወይም ለሽቦ አልነበረም። ያለ እርሱ ሕገ ወጥ የሚሆነውን ሥራ ሕጋዊ ለሚያደርግ ቃል ነበር፤ ልክ የለንደኑ ዳኛ እንዳሉት።

የባንክ ፈቃድ ዋጋ ደግሞ በሌላ መልክ ይታያል። በ1986 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 የባንክ ሥራን ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ከከፈተ በኋላ፣ አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል የመጀመሪያው የግል ባንክ ሆኖ ተቋቋመ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም ዝቅተኛውን የባንክ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል። ፈቃዱ ለጨረታ አልቀረበም፤ የበሩ ከፍታ ግን ዋጋው ሆነ።

የእኛው «ፈቃድ»

የእኛን ቃል ከላቲኑ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ፣ ሻ ማለት ነው። «በእግዚአብሔር ፈቃድ» ስንል የእርሱን ውድ መናገራችን ነው። ሠራተኛ «የዓመት ፈቃድ» ይወጣል፤ ነጋዴ «የንግድ ፈቃድ» ያወጣል፤ ቤት ሠሪ «የግንባታ ፈቃድ» ይጠይቃል። እንግሊዝኛው ለቀጣይ ሥራና ለችሎታ ላይሰንስ፣ ለአንድ ለተወሰነ ድርጊት ደግሞ ፐርሚት ማለትን ሲያዘወትር እኛ ሁሉንም በአንድ ቃል እንጠራለን። የላቲኑ ቃል የተቀባዩን ነጻነትና ዋጋውን ሲያይ፣ የእኛው ቃል የሰጪውን ውድ ያያል።

የሰጪው ውድ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን የሀገራችን ነጋዴ በዕድሜው አይቷል። በ1968 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 አንድ ግለሰብ ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ እንዳይዝ አድርጎ፣ የግል ኢንዱስትሪ ካፒታልንም በ500 ሺህ ብር ጣሪያ ወሰነው። ጣሪያው የተነሣው ከ14 ዓመት በኋላ በ1982 ዓ.ም ነው። በቅርቡም በጥቅምት 2015 ዓ.ም ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ባንኮች ኤልሲ እንዳይከፍቱ ሲታገዱ፣ የአስመጪነት ፈቃዳቸው በእጃቸው ሳለ ሥራቸው የቆመባቸው ነጋዴዎች ነበሩ። ገደቡ የተነሣው የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ በተለቀቀበት በሐምሌ 2016 ዓ.ም ነው። የታደሰ ፈቃድ ይዞ መሥራት አለመቻልም እንዳለ ያ ጊዜ አሳይቷል።

ወደ መርካቶው ሱቅ እንመለስ። «ከነፈቃዱ ነው» የተባለው ገዢ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ፈቃዱ በማን ስም ነው፤ ለእኔስ በስሜ ለማውጣት ምን ይጎድለኛል? ሁለተኛ፣ ይህን ፈቃድ መሥፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኘዋል ወይስ ቁጥሩ የተወሰነ ነው? ሁሉም የሚያገኘው ከሆነ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ምክንያት የለም። ሦስተኛ፣ የተወሰነ ከሆነ፣ ያጠረው በምን ምክንያት ነው፤ ነገ በሩ ቢከፈት የከፈልኩት ምን ይሆናል?

ሦስተኛውን ጥያቄ የኒው ዮርክ ሹፌሮች ያልጠየቁት ሞኝ ስለነበሩ አይደለም። ዋጋው ከፍ እያለ ሳለ ጠያቂ አይገኝም። ደላላውም ቢሆን በዚህ ነገር ላይ ጥቅም አለው፤ መደብሩን መደብር፣ ፈቃዱን ፈቃድ ብሎ ለይቶ የሚያቀርብ ደላላ አንዱን ሽያጭ ቢያዘገይ እንኳ ያገናኛቸው ሰዎች ፍርድ ቤት አይገናኙም።